ከማታቬሪ ሴንት ሄሌና ስንት ሰዓት ነው?

ጉዞ ማዘጋጀት ሥራዬ ነው። «ከዚህ ኤርፖርት እዚያኛው ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ስባል፣ መልሼ «የበረራውን ነው ወይስ የጉዞውን?» እላለሁ። ኤርፖርቶቹ ከዓለም ራቅ ያሉ ከሆኑ ሁለቱ ቁጥሮች ፈጽሞ አይገናኙም።

ማታቬሪን እንውሰድ። ፓስፊክ መሀል ያለችው የኢስተር ደሴት ኤርፖርት ነው፤ ደሴቷ የቺሊ ናት። ሌላው ደቡብ አትላንቲክ ላይ ያለው የሴንት ሄሌና ኤርፖርት ይሁን። ቀጥታ በረራ የላቸውም፤ ርቀታቸው ግን ይሰላል።

ካርታ ላይ በማስመሪያ አትለኩ። ምድር ክብ ናት፤ አጭሩ መንገድ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ጎብጦ ነው የሚታየው። ይልቅ ኬክሮስና ኬንትሮሳቸውን ያዙ። ማታቬሪ 27.16 ደቡብ፣ 109.42 ምዕራብ ነው። ሴንት ሄሌና 15.96 ደቡብ፣ 5.65 ምዕራብ። ደቡብና ምዕራብ ሲሆን ቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ይደረጋል።

ካልኩሌተሩን ዲግሪ ላይ አድርጉት። የሁለቱን ኬክሮስ ሳይን (የ sin ቁልፍ) አባዙ፦ 0.1255። የሁለቱን ኬክሮስ ኮሳይን (የ cos ቁልፍ) ከኬንትሮሶቹ ልዩነት (103.77) ኮሳይን ጋር አባዙ፦ ‎-0.2036። ደምሩ፦ ‎-0.0781። ኮሳይኑ ይህ የሆነ ማዕዘን (በ cos⁻¹ ቁልፍ ይገኛል) 94.48 ዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ በምድር ገጽ ላይ 111.2 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ወደ 10,500 ኪሎ ሜትር ይመጣል።

ምልክቷን አደራ! አንዴ የአንዱን ኬንትሮስ ምልክት ረስቼ 11,500 አወጣሁ። ቁጥሩ ስህተት አይመስልም፤ ክፋቱ እሱ ነው። ተጓዡ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሳላሰላ ለማንም አልናገርም።

ለሰዓቱ ርቀቱን ለ850 አካፍሉ፤ የትልቅ ጄት የተለመደ ፍጥነት በሰዓት ወደዚያ ገደማ ነው። ለመነሳትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። 13 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ነፋስም አለ። በዚያ ኬክሮስ ከፍ ሲባል ብዙ ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ለዚህ ነው ከቺሊ ዋና ከተማ ከሳንቲያጎ ወደ ማታቬሪ ያለው የ3,750 ኪሎ ሜትር በረራ ሲኬድ ከሚመለሱበት ረዘም ያለ ሰዓት የሚፈጀው።

አሁን ወደ ጉዞው። ከማታቬሪ ሳንቲያጎ፣ ከዚያ አትላንቲክን ተሻግሮ ጆሃንስበርግ፣ ከዚያ ሴንት ሄሌና። ወደ ሴንት ሄሌና መደበኛ የመንገደኛ በረራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ በየቀኑ ግን አይበርም። ስለዚህ የመጨረሻውን በረራ ቀን አስቀድማችሁ ያዙና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከፊት ጀምሮ የሚያቅድ ሰው ጆሃንስበርግ ላይ ቀናት ሊጠብቅ ይችላል። እኔ በየትራንዚቱ ቢያንስ አንድ ሌሊት እተዋለሁ፤ አንድ መዘግየት ሁሉንም ያፈርሳልና።

ትኬት ላይ ያለው መነሻም መድረሻም የየቦታው ሰዓት ነው። ሴንት ሄሌና ዓመቱን ሙሉ ከግሪንዊች እኩል ናት። ኢስተር ደሴት እንደ ወቅቱ 5 ወይም 6 ሰዓት ወደ ኋላ ትሆናለች። ሁለቱንም ወደ ግሪንዊች ሰዓት ቀይራችሁ ቀንሱ።