ሲም በሚወስድ ራውተር ቤት ኢንተርኔት ማስገባት፦ ገንዘብም ፍጥነትም የሚያሳጡ ስህተቶች

ልደታ ወይም ካዛንቺስ ተከራይቶ ለሚኖር፣ በሚቀጥለው ዓመት ወዴት እንደሚዛወር ለማያውቅ ሰው፣ ሲም ካርድ የሚወስድ ራውተር ከገመድ መስመር የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ገመዱ የቤቱ ነው፤ ሲሙ የራሱ ነው። ዕቃ ሲጫን ራውተሩም አብሮ ይጫናል፣ አዲሱ ቤት ሲደርስ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ አለቀ።

ሆኖም ብዙ ቤት ውስጥ ወር ይበቃል የተባለው ፓኬጅ በሁለተኛው ሳምንት ያልቃል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፓኬጁ ዋጋ አይደለም። ስልኩም ኮምፒውተሩም «ዋይፋይ» የሚል ስም ሲያዩ የማያልቅ መስመር ያገኙ ይመስላቸዋል፤ ከጀርባው ያለው ግን በጊጋ የሚቆጠር የሞባይል ዳታ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

ባንዱን ሳያዩ ራውተር መግዛት

ሁሉም «4ጂ» የተባለ ራውተር እዚህ አይሠራም። ባንድ ማለት ኔትወርኩ የሚሠራጭበት የሞገድ ክልል ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም 4ጂን በ1800 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም ባንድ 3 በሚባለው ላይ ያሠራጫል። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሠራ ራውተር በባንድ 2፣ 4፣ 5፣ 12፣ 13 እና 66 ላይ ያተኮረ ስለሚሆን፣ ዘመድ በስጦታ ቢልከውም እንኳ ኔትወርክ ሲፈልግ ይውላል። ካርቶኑ ወይም መመሪያው ላይ ባንድ 3 መኖሩን ተመልከቱ። 1፣ 7፣ 8 እና 20 ቢጨመሩበት ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል፤ 1 እና 8 ለ3ጂም ያገለግላሉ።

ሁለተኛው ጣጣ ቁልፍ ነው። አንዳንዱ ራውተር በአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ እንዲሠራ ተቆልፎ የተሸጠ ነው። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ መምረጥ ስለሚቻል፣ የተቆለፈ ራውተር መግዛት ምርጫን በገንዘብ ማጣት ነው። መርካቶም ሆነ ቦሌ ስትገዙ የሁለቱንም ኩባንያ ሲም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሱቁ ውስጥ ራውተሩን አስበሩ፣ መብራቱን አይታችሁ ብቻ አትመኑ፣ በስልካችሁ ዋይፋዩን ይዛችሁ አንድ ገጽ ክፈቱ።

«ካት 4» የሚባለው የ4ጂ ራውተር የፍጥነት ደረጃ በሰከንድ እስከ 150 ሜጋቢት ይችላል፤ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። 5ጂ በአዲስ አበባ የተጀመረው በግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው። ለ5ጂ ራውተር ተጨማሪ ከመክፈል በፊት ግን 5ጂ ስልክ ያለው ሰው ቤታችሁ መስኮት ላይ ቆሞ ይሞክርላችሁ። ሰፈሩ ላይ መያዙ ሳሎኑ ውስጥ ይይዛል ማለት አይደለም።

ባትሪ ያለውን የኪስ ራውተር ለቤት ማድረግ ሌላው ስህተት ነው። ሌት ተቀን ቻርጀር ላይ ተሰክቶ የሚውል ባትሪ ይሞቃል፣ ከጊዜ በኋላ ሊያብጥና ክዳኑን ሊገፋ ይችላል። ለቤት የሚሆነው በአዳፕተር የሚሠራው ነው።

የሚደወልበትን ሲም ራውተር ውስጥ መክተት

ቤት ያለ ራውተር ውስጥ የገባ ሲም የባንክ የማረጋገጫ መልእክት ይደርሰዋል፣ ግን ገበያ ላይ ቆማችሁ ልታነቡት አትችሉም። የሚደውልላችሁም ሰው አያገኛችሁም። በራሳችሁ ስም የተመዘገበ ሌላ ሲም አውጡ። ከመክተታችሁ በፊት ስልክ ላይ አድርጋችሁ አሠሩት፤ የ«ኤፒኤን» ስሙን፣ ማለትም ሲሙ ወደ ኩባንያው ኢንተርኔት የሚገባበትን ስም፣ ከስልኩ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡ፣ ራውተሩ በራሱ ካላገኘው ይህንኑ ትጽፉለታላችሁ። የሲሙን የይለፍ ቁጥር ደግሞ አጥፉ። ካልጠፋ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ራውተሩ ቁጥሩን እየጠየቀ ይቆማል፣ ቤተሰቡም «ኔትወርክ የለም» እያለ ይቀመጣል።

የድምፅ ደቂቃ ያለበት ፓኬጅ መግዛት

ለስልክ የተዘጋጀ ፓኬጅ ደቂቃና አጭር መልእክት ጨምሮ ይሸጣል። ራውተር አይደውልም። ስለዚህ የተከፈለበት ደቂቃ ወሩ ሲያልቅ እንዳለ ይቃጠላል። ዳታ ብቻ ያለውን ምረጡ። ዋጋ ስታወዳድሩም ብሩን ለጊጋው አካፍሉ፤ ከማካፈላችሁ በፊት ግን ለሌሊት ብቻ የተሰጠውን ጊጋ ቀንሱ፣ ሌሊት የምታወርዱት ነገር ከሌላችሁ ያ ጊጋ የለም ማለት ነው። «ያልተገደበ» የሚለውንም ሲገዙ ዝርዝሩን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ከተወሰነ አጠቃቀም በኋላ ፍጥነቱ የሚወርድበት መጠን ተጽፎ ታገኛላችሁ።

ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በግምት ሳይሆን በስሌት ድረሱበት። የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት 1 ጊጋ ገደማ ይወስዳል፣ ብዙ ሰው ካለበትና ጥራቱ ከፍ ካለ ከዚያም በላይ። ዩቲዩብ በ480 ጥራት በሰዓት ግማሽ ጊጋ አካባቢ፣ በ1080 ከ2 ጊጋ ሊያልፍ ይችላል። በሥራ ቀን 2 ሰዓት የሚሰበሰብ አንድ ሰው በ22 ቀን 44 ጊጋ፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል በ480 የሚያይ ልጅ በወር 22 ጊጋ ይፈልጋሉ። ቴሌግራሙና ሌላው 15 ጊጋ ቢባል 80 ጊጋ ደረስን። ይህን ቁጥር ይዛችሁ የወሩን ወጪ ከቋሚ የገመድ መስመር የወር ክፍያ ጋር አስተያዩ። ሕንፃው ውስጥ ፋይበር ካለና ቤተሰቡ ማታ ማታ በትልቅ ቲቪ ፊልም የሚያይ ከሆነ፣ ገመዱ ይረክሳል፤ ራውተሩን ለማስደሰት ብላችሁ አትቸገሩ።

ዋናው ሂሳብ ላይ ብር መተው

ፓኬጁ ሲያልቅ ግንኙነቱ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ሲሙ ላይ ብር ካለ ከዚያ እየቆረጠ ይቀጥላል፣ ያውም ከፓኬጁ በተወደደ ሒሳብ። ሌሊት ራሱን የሚያዘምን ኮምፒውተር አንድ ካርድ ሙሉ ሊበላ ይችላል። መፍትሔው የራውተሩን ሲም ባዶ ማድረግና ፓኬጁን ከራሳችሁ ስልክ በቴሌብር ወይም በኤም-ፔሳ ለራውተሩ ቁጥር መግዛት ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። «ፓኬጅዎ ሊያልቅ ነው» የሚለው መልእክት የሚደርሰው ለራውተሩ ነው። ለማንበብ በዋይፋዩ ተገናኝታችሁ የራውተሩን ገጽ ክፈቱ። ለሁዋዌ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.8.1፣ ለቲፒ-ሊንክ 192.168.1.1፣ ለዜድቲኢ 192.168.0.1 ነው፤ ትክክለኛው ከራውተሩ ሥር ተለጥፏል። መልእክት መያዣው ሲሞላ አዲስ ስለማይቀበል በየወሩ አጥፉለት። ፓኬጅ የሚገዛባቸውንና ሂሳብ የሚታይባቸውን የኢትዮ ቴሌኮም *999# እና *804# ዓይነት ቁጥሮች ከዚያው ገጽ መላክ የሚችል ራውተር አለ፤ የማይችል ከሆነ ሲሙን ለአፍታ ስልክ ላይ ማድረግ ነው።

መሣሪያዎቹን እንዳሉ ማገናኘት

ዋናው ስህተት ይህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ስልክ በሲም ዳታ ሲሆን ይቆጥባል፤ ዋይፋይ ሲያገኝ ግን ያጠራቀመውን ሁሉ ይለቃል። ፎቶ ወደ ማከማቻ ይሰቅላል፣ መተግበሪያ ያድሳል፣ ቪዲዮ በከፍተኛ ጥራት ይከፍታል። ስለዚህ እያንዳንዱን መሣሪያ ይህ ዋይፋይ የሚቆጠር መስመር መሆኑን መንገር ያስፈልጋል።

አንድሮይድ ላይ የዋይፋዩን ስም ነክታችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ግቡና መስመሩን የሚቆጠር አድርጉት። አይፎን ላይ እዚያው ቦታ ዝቅተኛ የዳታ አጠቃቀምን አብሩ። ዊንዶውስ ላይ በዋይፋዩ ባሕርያት ውስጥ የሚቆጠር ግንኙነት የሚለውን አብሩ፤ በማዘመኛው ክፍል ደግሞ ኮምፒውተሩ ያወረደውን ለሌሎች ኮምፒውተሮች እንዲያካፍል የሚፈቅደውን አጥፉ። ይህ ሁለተኛው ሳይታይ ዳታችሁን ወደ ውጭ ሊልክ የሚችል ነው።

ቴሌግራም የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል። የዳታ ቅንብሩ ውስጥ በራስ ሰር ማውረድ ለሞባይል ዳታና ለዋይፋይ ለየብቻ ተቀምጧል፤ ብዙ ሰው የሞባይሉን ያጠፋና የዋይፋዩን ይረሳዋል። አራት ስልክ ያለበት ቤት ውስጥ አራቱም የአንድ የቤተሰብ ግሩፕ አባል ከሆኑ፣ አንድ 100 ሜጋ የሰርግ ቪዲዮ 400 ሜጋ ሆኖ ይወርዳል። በዋይፋይ ቪዲዮና ፋይል በራሱ እንዲያወርድ የሚፈቅደውን አጥፉ፣ የፎቶውን ብቻ ተዉት።

ለሱቅ የምታስገቡ ደግሞ ካሜራውን አስቡበት። በሰከንድ 1 ሜጋቢት ያለማቋረጥ ወደ ኢንተርኔት የሚልክ አንድ ካሜራ በሰዓት 450 ሜጋ፣ በቀን 10.8 ጊጋ ይጨርሳል። ሚሞሪ ካርድ ላይ እንዲቀዳና እንቅስቃሴ ሲያይ ብቻ እንዲልክ አድርጉት።

ራውተሩን ቲቪው ጀርባ መደበቅ

ፌሮ ያለው የኮንዶሚኒየም ኮንክሪት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የብረት መስኮትና መዝጊያ፣ ሁሉም ሲግናሉን ይበላሉ። ጥሩ ቦታ የሚገኘው በዓይን ሳይሆን በቁጥር ነው። የራውተሩ ገጽ ላይ «አርኤስአርፒ» እና «ኤስአይኤንአር» የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው ጥንካሬውን ያሳያል፤ ከ-90 የተሻለ (ለምሳሌ -80) ጥሩ ነው፣ ከ-110 ከወረደ ችግር አለ። ሁለተኛው ጥራቱን ያሳያል፤ ከ20 በላይ እጅግ ጥሩ፣ ከ13 በላይ ጥሩ፣ ከ0 በታች መጥፎ ነው።

አምስት ስድስት ቦታ ላይ እያስቀመጣችሁ ሁለት ሁለት ደቂቃ ጠብቁና ሁለቱንም በወረቀት ጻፉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ጥራቱን የሚያሳየውን እመኑ። መሀል ከተማ ውስጥ አንቴናው አጠገብ ያለ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ስለሚሆን ጥንካሬው ሞልቶ ጥራቱ የወረደበት ቤት ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ በተቃራኒው በኩል ያለ መስኮት ሌላ አንቴና ይዞ የተሻለ ሊሆን ይችላል። የምታገኙት መስኮት ከሥራ ጠረጴዛው ከራቀ ራውተሩን አትጎትቱ፤ እዚያው ተዉትና በኔትወርክ ገመድ ውሰዱት፣ ይህ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። የውጭ አንቴና ግን ተቃራኒው ነው። ቀጭኑ ገመዱ በዚህ ሞገድ ላይ በሜትር ከ1 ዲቢ (የሲግናል መለኪያ) በላይ ስለሚያጠፋ፣ 10 ሜትር ገመድ ያለው አንቴና ያመጣውን ሁሉ መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። ፀሐይ በቀጥታ የምታገኘው መስኮትም አይሁን፤ የሞቀ ራውተር ይዘገያል፣ ይቋረጣል።

ፍጥነቱን ስትለኩ ጠዋት፣ ከሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ለኩ። ጠዋት ብቻ ለክቶ ኩባንያ መምረጥ ያታልላል፣ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ያንኑ አንቴና ይካፈላልና። መለኪያው ራሱ በአንድ ጊዜ ከ100 ሜጋ በላይ ሊወስድ ስለሚችል ደግሞ አትደጋግሙት።

መብራት ሲሄድ የሚሆነውን አለማሰብ

አብዛኛው የቤት ራውተር 12 ቮልት ቢሆንም 9 ቮልት የሆነም አለ፤ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ተመሳሳዩን ሚኒ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ራውተሩን በባትሪ የሚያቆየውን ትንሽ ዕቃ፣ ግዙ። 8 ዋት የሚወስድ ራውተር 30 ዋት-ሰዓት ባለው ሚኒ ዩፒኤስ 3 ሰዓት ያህል ይቆያል። 20,000 ሚሊአምፒር ያለው ፓወር ባንክ ከ5 ወደ 12 ቮልት በሚያሳድግ ገመድ 6 ሰዓት ሊያቆየው ይችላል፤ ፓወር ባንኩ ግን 2 አምፒር መስጠት አለበት፣ አለበለዚያ ራውተሩ እየበራ ይጠፋል። ዩፒኤስ ከሌላችሁ መብራት ሲሄድ ንቀሉት፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት። አዳፕተር የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ መብራት በሚመለስበት ቅጽበት ነው።

የይለፍ ቃሉን የስልክ ቁጥር ማድረግ

ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስልካችሁን ያውቃል። ቢያንስ 12 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ይሁን፤ በአንድ ቁልፍ የሚያገናኘውን «ደብሊውፒኤስ» አጥፉ፣ የራውተሩን ገጽ መግቢያ ቃልም ከፋብሪካው ቀይሩ። እንግዳ ሲመጣ የእንግዳ ዋይፋይ ክፈቱለት፤ ሲሄድ ዝጉት። በሳምንት አንዴ የተገናኙት መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ገብታችሁ ቁጠሩ። ቤት ውስጥ ያሉት ስልኮች አምስት ሆነው ዝርዝሩ ሰባት ካሳየ፣ የፓኬጁ ቀዳዳ የት እንዳለ አገኛችሁት።