የአሮጌ አይሱዙ ማርሚታ ሲጮህ፣ ሲሸትና ሲታነቅ

የቆየ የጭነት መኪና ማርሚታው (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ሣጥን) ሲበሳ የሚሆነው የታወቀ ነው። ባለቤቱ ወደ በያጅ ይወስደዋል፣ በያጁ ላሜራ ይለጥፍበታል፣ ብዙ ሳይቆይ ቱቦው ከሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። በያጁን መውቀስ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የጭስ መስመር የሚሰበርበት ቦታና የሚሰበርበት ምክንያት ለየቅል ናቸው። ፊት ለፊት ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ብረት) አጠገብ የተሰነጠቀው ቱቦ፣ ኋላ ያለው ማርሚታ ከሻንሲው (መኪናውን ከሚሸከመው የብረት አካል) ጋር ድርቅ ብሎ በመታሰሩ የተሰበረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከብየዳው በፊት ምልክቱን መመርመር ያዋጣል። እዚህ በምሳሌነት የያዝነው ባለ 4 ሲሊንደር፣ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለውን የቆየ አይሱዙ ኤን ፒ አር ነው፤ አብዛኛው ምክር ለሌላ አሮጌ የናፍጣ መኪናም ይሠራል።

ጠዋት ጠክ ጠክ የሚል፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ

ይህ ድምፅ ከቫልቭና ከኢንጀክተር (ነዳጅ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው) ድምፅ ጋር ስለሚምታታ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ኢንጀክተር ያስፈታል። መለያው ሙቀት ነው። በማኒፎልዱና በቴስታታው (የሞተሩ ራስ) መካከል ያለው ጋስኬት (ጭስ እንዳያፈስ የሚደረግ ማሸጊያ) ሲያፈስ፣ ብረቱ ግሎ ሲሰፋ ክፍተቱ ስለሚጠብ ድምፁ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል።

ጋቢናውን ይገልብጡ። መደገፊያው ዘንግ በትክክል መቆለፉን በዓይንዎ ሳያዩ ግን ከሥሩ አይግቡ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በባትሪ እያበሩ ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ይከተሉ፤ ጥቁር ጥላሸት የተረጨበት ቦታ ካለ የሚያፈሰው እዚያ ነው። ካልታየ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ አንድ ሰው ጓንት አድርጎ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ይያዝ። ጭሱ መውጫ ሲያጣ በቀዳዳው በኩል ያፏጫል።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ ጋስኬቱ ተቃጥሏል፣ ወይ በቴስታታው ውስጥ ከተተከሉት ቡሎኖች አንዱ ተቆርጧል። ቡሎን የሚቆረጠው በአብዛኛው በጫፍና በጫፍ ካሉት ነው፤ ማኒፎልዱ በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር ሲረዝምና ሲያጥር ትልቁን ጉተታ የሚቀበሉት እነሱ ናቸውና። በተቆረጠ ቡሎን ላይ አዲስ ጋስኬት መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ቡሎኑ ላይ የሚጠብቀውን የዛገ ዳዶ በጉልበት አይታገሉት። ዋዜማውን ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ያጠጡትና ይደር፤ በማግስቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ ትንሽ እያሉ ይፍቱት። እምቢ ካለ ዳዶውን ብቻ በኦክስጅን ያግሉት፤ ዘይት የተረጨበት ብረት እሳት ስለሚይዝ አስቀድመው ይጥረጉት። ቡሎኑ ተቆርጦ ጫፉ ከቀረ በላዩ ዳዶ አስቀምጦ ከውስጥ መበየድና ትኩሱን በቁልፍ ማዞር ከመብሳት ይመረጣል፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ያላቅቀዋል። መብሳት የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ መብሻው ከመሐል ትንሽ ከሳተ የቴስታታው ጥርስ ይበላሻል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ የማርሚታ መሆኑ ይቀራል።

ማኒፎልዱ ከወጣ በኋላ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ፊቱ ላይ ያስቀምጡና ብርሃን የሚያልፍበት መኖሩን ይዩ። ተጣሞ ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስዶ ፊቱን ማስላጥ ያስፈልጋል፤ ጋስኬት ደራርቦ ማጥበቅ ቡሎኑን እንደገና ያስቆርጣል። ሲገጥሙ ከመሐል ጀምረው ወደ ጫፎቹ፣ በሁለት ሦስት ዙር ያጥብቁ። ሞተሩን አሙቀው ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ይፈትሹት፤ አዲስ ጋስኬት ይረግባል።

ከጋቢናው ሥር ወይም ከኋላ የሚያጓራ ድምፅ

ማርሚታው ተበስቷል። የሚበሳው ግን እንደሚታሰበው በድንጋይ ብቻ አይደለም፣ ከውስጥ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ማርሚታው ስለሚግል እንፋሎቱ ወጥቶ ያልቃል። ከገበያ ገበያ ትንሽ ትንሽ እየተጓዘ የሚቆም መኪና ግን ውሃው ማርሚታው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በናፍጣው ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተቀላቅሎ አሲድ ይሆናል፣ ላሜራውንም ይበላዋል። በአንዳንድ ማርሚታ ሥር የምትታየው ትንሽ ቀዳዳ የተሠራችው ይህንኑ ውሃ ለማፍሰስ ነው። ተበሳ ብለው አያስደፍኗት።

ብየዳው የሚይዘው ጤነኛ ብረት ሲያገኝ ብቻ ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ሲወጉት የሚሰረጎድ ከሆነ መለጠፉን ይተዉትና ይቀይሩት። ሶማሌ ተራ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ማርሚታውን አንሥታችሁ ነቅንቁት፤ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ የውስጥ ግድግዳው ተነቅሏል። ሥሩንና ስፌቱን በጣት ጫን እያላችሁ ፈትሹ። ከሁሉ በፊት ግን አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የቱቦው ውፍረት በግምት የሚገዛ አይደለም።

ዳገት ላይ ጉልበት ያጣ፣ ጥቁር ጭስ የሚለቅ መኪና

እዚህ ላይ ማርሚታውን ከመክሰስ በፊት ከፍታውን ማስታወስ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከመተሃራ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ጉልበት ቢቀንስና ቢያጨስ በሽታ ላይሆን ይችላል። የአየር ማጣሪያውንም አስቀድመው ይፈትሹ፤ ርካሹ ምርመራ እሱ ነው።

እነዚህ ደህና ሆነው መኪናው በሜዳም ላይ ከታነቀ የሞተር ፍሬኑን ይጠርጥሩ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሾፌሩ የሚተማመንበት ይህ ፍሬን የሚሠራው ቱቦው ውስጥ ያለች ክብ መዝጊያ ጭሱን ስታፍነው ነው። ጥላሸትና ዝገት ሲይዛት ተዘግታ ወይም ግማሽ ላይ ቆማ ትቀራለች። ሞተሩ በሚኒሞ ሳለ አንድ ሰው የሞተር ፍሬኑን ማብሪያ ያብራና ያጥፋ፤ እርስዎ ከታች የመዝጊያዋን ክንድ ይመልከቱ። እስከ መጨረሻው ተመልሳ መከፈት አለባት። ካልተመለሰች ክንዷን በዝገት ማላቀቂያ ዘይት እያለሰለሱ ያንቀሳቅሷት፤ የመመለሻውን ሞላና የቫኩም ቱቦውን ይፈትሹ። ቁልቁለት እየሠሩ ይህችን መዝጊያ ነቅሎ ተራ ቱቦ መበየድ ለጉልበት ተብሎ የዋናውን ፍሬን ዕድሜ መብላት ነው።

መዝጊያዋ ጤነኛ ከሆነች ከማርሚታው በፊት ያለውን መጋጠሚያ አላልተው ጭሱ በዚያ እንዲወጣ ያድርጉና አጭር ርቀት ይንዱ። ጉልበቱ ከተመለሰ እንቅፋቱ ከዚያ በኋላ ነው፦ የተነቀለ የማርሚታ ግድግዳ፣ የተጨፈለቀ ቱቦ፣ ወይም ቀደም ሲል አንድ ሰው የበየደው ቀጭን ቧንቧ። ካልተመለሰ ችግሩ ብዙ ጊዜ ነዳጁ ጋ ስለሆነ የማርሚታ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።

ጋቢና ውስጥ የሚገባ የጭስ ሽታ

ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። የሚያመው የሚሸተው ጭስ ብቻ አይደለም፤ ከጭሱ ጋር የሚመጣው መርዛማ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። በማርሽ ዘንጉ ላስቲክና በወለሉ ቀዳዳዎች ይገባል፤ ወለላቸው እየዛገ በሚሄድ ቅጥቅጥ አውቶቡሶች ላይ ደግሞ እስከ ተሳፋሪው ይደርሳል። ፍሳሹን ዘግተው የወለሉንም ቀዳዳ ይድፈኑ፤ የቱቦው ጫፍ ከጭነቱ ሳጥን ጠርዝ አልፎ መውጣት አለበት። ጭነት ለመጠበቅ መኪናው ላይ የሚያድር ረዳት ካለ ለብርድ ብሎ ሞተር አስነሥቶ እንዳይተኛ አጥብቀው ይንገሩት።

አዲሱ ከተገጠመ በኋላ መልሶ የሚሰነጠቅ ወይም የሚንቀጠቀጥ

ይህ ጽሑፍ በይበልጥ የተጻፈው ለዚህ ነው። ሞተሩ በላስቲክ መቀመጫ ላይ ስለተቀመጠ በነዳጅ አሰጣጡ ልክ ይወዛወዛል፤ ሻንሲው አይወዛወዝም። ቱቦው ደግሞ ሲግል ይረዝማል፤ 3 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቱቦ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ማርሚታውን በብረት ከሻንሲው ጋር የበየደ ሰው ያ አንድ ሴንቲ ሜትር የት እንዲሄድ ፈልጎ ነው? ወደ ፊት ይገፋል፤ ደካማውን ስፌት ወይም የማኒፎልዱን አንገት ይሰብራል።

ማርሚታው በላስቲክ ማንጠልጠያ ይንጠልጠል። ሲገጥሙ ሁሉንም ፋሼታ (ቱቦውን የሚያቅፍ ማሰሪያ) እና ቡሎን በእጅ ብቻ ያስይዙ፣ መስመሩ ሳይወጠር በራሱ ቦታውን ይያዝ፣ ከዚያ ከማኒፎልዱ ጀምረው ወደ ኋላ ያጥብቁ። ከባሌስትራው (ጭነቱን ከሚሸከመው ሞላ)፣ ከፍሬን ቱቦና ከነዳጅ መስመር መራቁን ጭነት ተጭኖም ይዩት፤ ባዶ መኪና ላይ የማይነካ ቱቦ ሲጫን ይነካል።

መበየድ ግድ ከሆነ የባትሪውን ገመድ ይንቀሉ፣ የብየዳውን መሬት (የመመለሻ ገመዱን መቆንጠጫ) የሚበየደው ቦታ አጠገብ ያስይዙ፣ የነዳጅ ታንኩን ይከልሉ። ለርካሽነቱ ተብሎ ዚንክ የተቀባ የውሃ ቧንቧ እንዲገባ አይፍቀዱ፤ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ትኩሳት ያስይዘዋል። ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ሲመለሱ መኪናው ይቀዝቅዝና ሁሉንም ዳዶ እንደገና በቁልፍ ይንኩ።