የአክሶሎትልን ብርቅዬ ቀለም ለማራባት ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከሁሉ በላይ የተለመደው ስህተት ነጭ የሆነውን አክሶሎትል ሁሉ አልቢኖ ብሎ መጥራት ነው። ይህ የሜክሲኮ ሳላማንደር (እንሽላሊት መሰል የውሃ እንስሳ) ቆዳው ነጭ፣ ዓይኑ ግን ጥቁር ከሆነ ሉሲስቲክ ይባላል። ሉሲስቲኩ ነጭ የሆነው ሜላኒን የተባለውን ጥቁር ቀለም መሥራት አቅቶት ሳይሆን፣ ቀለም ሰጪ ሴሎቹ በፅንስነቱ ወቅት ከጀርባ ተነስተው ወደ ቀሪው ቆዳ መሰራጨት ስለተሳናቸው ነው። የዓይኑ ጥቁረት የሚመነጨው ከራሱ ከዓይን በመሆኑ ሳይነካ ይቀራል። አልቢኖው ግን ሜላኒን ለመሥራት የሚያስፈልገው የታይሮሲኔዝ ጂን ጉድለት ስላለበት ዓይኑም ጭምር ጥቁረት የለውም። የሁለቱ ምንጭም ይለያያል፦ እ.ኤ.አ. በ1864 ፓሪስ ከገቡት 34 አክሶሎትሎች መካከል ነጭ ወንድ ነበረበት፤ የአልቢኖነት ጂን ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ታይገር ሳላማንደር ከተባለው ዘመዱ ጋር በተደረገ ማዳቀል የገባ ነው።

ይህን ልዩነት የዘነጋ አርቢ ሉሲስቲክን ከአልቢኖ አገናኝቶ ነጭ ጫጩቶች ይጠብቃል። ወላጆቹ አንዱ የሌላውን ጉድለት በድብቅ ካልተሸከሙ በስተቀር የሚፈለፈሉት በሙሉ ጥቁር ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ወላጅ ለሌላው የጎደለውን ጤናማ የጂን ቅጂ ይሰጣልና። ጫጩቶቹ አድገው እርስ በርስ ቢገናኙ ሁለቱንም ባሕርይ አጣምሮ የሚወጣው በአማካይ ከ16 አንዱ ብቻ ነው።

ጥቁር እንስሳ ነጭነትን አይሸከምም ማለትም ስህተት ነው። ከሁለት ድብቅ ተሸካሚዎች ከተወለዱ ጥቁሮች ውስጥ በአማካይ ሁለት ሦስተኛው ራሳቸው ተሸካሚ ናቸው፤ ሆኖም በመልክ አይለዩም። የተጠረጠረውን ከሉሲስቲክ ጋር ማገናኘት ይበጃል፤ አንድ ነጭ ጫጩት እንኳ ከታየ ተሸካሚነቱ ተረጋግጧል። በቤተ ሙከራ የገባው አረንጓዴ የማብራት ጂን ግን የበላይ (አንድ ቅጂው ብቻ ቢኖርም የሚታይ) በመሆኑ፣ በትክክለኛ ብርሃን ተመርምሮ የማያበራ ጫጩት ጂኑን እንደማይሸከም ይገመታል።

ሜላኖይድ የተባለውን ሌላ ጥቁር ዓይነት ከተራው ጥቁር የሚለየው የቆዳው ጥቁረት ሳይሆን በብሌኑ ዙሪያ የሚያብረቀርቅ ቀለበት አለመኖሩ ነው፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት ዓይንን ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። ገላው በመሃል ተከፍሎ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር የሆነው ደግሞ በፅንስ እድገት ላይ በተፈጠረ አጋጣሚ የመጣ ስለሆነ፣ ገላው ለሁለት የተከፈለ ልጅ ይሰጣል ብሎ ውድ ዋጋ መክፈል አያዋጣም። ብርቅዬውን ቀለም ቶሎ ለማግኘት ወንድምና እህትን ደጋግሞ ማገናኘት ከሁሉም የከፋ ይመስለኛል፤ ተፈላጊው ድብቅ ጂን በሁለት ቅጂ እንደሚገናኝ ሁሉ፣ ማንም ያልፈለጋቸው ጎጂ ጂኖችም በዚያው መንገድ ይገናኛሉ።