ኔት ሲጎተት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ሳቢያንም ይሁን ገንደ ቆሬ፣ አንድ የቤት ኢንተርኔት ለግቢው ሁሉ ማካፈል የተለመደ ነው። ሞደሙ አከራይዋ ሳሎን ይቀመጣል። ኬብሉ በጣሪያው ጠርዝ እየተሳበ ወደየቤቱ ይገባል። ሂሳቡ በየወሩ ይዋጣል። ኔቱ ሲጎተት ታዲያ መካሰስ ይጀመራል፦ "አቦ፣ ያ ልጅ ፊልም እያወረደ ነው!" ብዙ ጊዜ ልጁ የለበትም።

የመጀመሪያው ስህተት ችግሩን ሳይለዩ የቴሌ ደንበኞች አገልግሎት 994 ላይ መደወል ነው። ጎረቤት አስጠንቅቁና ከሞደሙ ጀርባ ወደየቤቱ የሚሄዱትን ኬብሎች ንቀሉ፤ ዋይፋዩንም አጥፉ። አንድ ላፕቶፕ በአጭር ኬብል ሰክታችሁ ፍጥነቱን ለኩ። የከፈላችሁበት ከመጣ ጣጣው ግቢው ውስጥ ነው። ካልመጣ ያኔ ይደወል።

በስልክ፣ ያውም ከሁለት ግድግዳ ጀርባ በዋይፋይ መለካት ያሳስታል። ደግሞ ጥቅሉ የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል ሲወርድ የምታዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሜጋ ባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ የ10 ሜጋ መስመር በሴኮንድ ከ1.25 ሜጋ ባይት አያልፍም። ተበላን ከማለት በፊት ለ8 ማካፈል ነው።

ከሁሉ የሚናቀው ኬብሉ ነው። የእኔ ዋና ተጠርጣሪ ግን እሱ ነው። ውስጡ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ኬብሉ ሲያጥር እነዚህን ልጦ፣ በየቀለማቸው አገናኝቶ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ መቀጠል ልማድ ሆኗል። መብራቱ ይበራል፤ ኔትም ይመጣል። ነገር ግን መንገድ ላይ የሚጠፋው ዳታ እየተደጋገመ ስለሚላክ ሁሉ ነገር ይንቀራፈፋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ኬብል ዘርጉ፤ ከ100 ሜትር አይብለጥ። የቤት ውስጥ ኬብል ቆርቆሮ ላይ ከተዘረጋ የድሬ ፀሐይ ልባሱን አድርቆ ይሰነጥቀዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ውኃ ይገባዋል። ለውጭ የተሠራውን ግዙ፣ ወይም በፕላስቲክ ቱቦ አሳልፉት። ከመብራት ገመድ ጋር አብራችሁ አትሰሩት። በመስኮት የተጨፈለቀ ቦታ ካለም በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ፈልጉ።

ለ10 ሜጋ መስመር ውድ የጊጋቢት (1000 ሜጋ ቢት) ስዊች፣ ማለትም አንዱን መስመር ለብዙ ኬብል የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ መግዛት ግን ብር ማቃጠል ነው። ባለ 100 ሜጋ ቢቱ ይተርፋችኋል።

ሌላው ራስ ምታት ከታይዋን ገበያ ተገዝቶ የሚመጣው ሁለተኛ ራውተር ነው። ተከራዩ ወደ ቤቱ የመጣውን ኬብል ላን (LAN) በሚለው ቀዳዳ ይሰካዋል። ያኔ ሁለት መሣሪያዎች ለግቢው አድራሻ ማደል ይጀምራሉ፤ ግማሹ ሰው በተሳሳተ በር ወጥቶ ይቀራል። ወይ ዋን (WAN) በሚለው ይሰካ፣ ወይ የአዲሱ ራውተር አድራሻ ማደያ (ዲኤችሲፒ) ይጥፋና ከዋናው የተለየ አድራሻ ይሰጠው። የአንድ ኬብል ሁለቱም ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ከተሰካማ ግቢው በሙሉ ቀጥ ሊል ይችላል። የስዊቹ መብራቶች ሁሉ እንደ እብድ ሲንቀለቀሉ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ወደ ኢንተርኔት የሚጫነውን (አፕሎድ) መርሳትም አለ። ሁሉም የሚያወርደውን ይቆጥራል። ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ቤት በተሰበሰበበት ወይም በርጫ ላይ በተቀመጠበት ሰዓት፣ አንዱ የሠርግ ቪዲዮ በቴሌግራም ሲልክ የሚጫንበት መንገድ ይሞላል። ገጽ ለመክፈት የሚላከው ጥያቄም በዚያው መንገድ ስለሚያልፍ የሌላው ሰው ኔት ተንጠልጥሎ ይቀራል። ትልልቅ ፋይሎችንና የፎቶ መጠባበቂያን ወደ ሌሊት አዙሩ። ራውተሩ ከፈቀደ ለእያንዳንዱ ቤት የፍጥነት ጣሪያ አብጁለት።

ሞደሙን እያጠፉ ማብራት ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ ምክንያቱን አይነግርም። አብርታችሁት ለአንድ ሰዓት ደህና ሠርቶ እንደገና ከተጎተተ ሙቀት ሊሆን ይችላል። ዳንቴሉን አንሱለት፤ ከቴሌቪዥኑ ላይም አውርዱትና አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። ፋይበር፣ ማለትም ኔቱን በብርሃን የሚያመጣው መስመር፣ ካላችሁ ደግሞ ሎስ (LOS) የሚለውን መብራት እዩ። ቀይ ብልጭ ድርግም ካለ ጉዳዩ ከፍጥነት አልፏል፤ ብርሃኑ ራሱ አልደረሰም። ቀጭኗን የፋይበር ገመድ ሳታጥፉ፣ ሳትነቅሉ፣ ያኔ ወደ 994 ደውሉ።