ለጥምቀት ጎንደር የሚወርዱ ሰዎች የሚደጋግሟቸው ስሕተቶች

በልጅነቴ ከታቦታቱ ፊት ምንጣፍ ከሚያነጥፉት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አንዱ ነበርሁ፤ ዛሬ ደግሞ በጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ ሥርዓት ከሚያስከብሩት መካከል ነኝ። እንግዶቹ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ ስሕተቶቹ ግን ያው ናቸው።

የመጀመሪያው የቀን አቆጣጠር ነው። ጥምቀት የሚውለው ጥር 11 ቀን ሲሆን፣ ይህ ቀን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 19 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ባለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ስለሆነች ወደ ጃንዋሪ 20 ይገፋል። ከውጭ አገር የመጣ አንድ ዘመዴ በዘመነ ዮሐንስ ከተራን፣ ማለትም የጥምቀትን ዋዜማ፣ ጃንዋሪ 19 አክብሮ ስለነበር፣ በቀጣዩም ዓመት በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ከአውሮፕላን ወረደ፤ ታቦታቱ በድንኳን አድረው፣ ውኃው ተባርኮ፣ ሕዝቡም ተረጭቶ ጠበቀው።

በከተራ ዕለት ለእንግዳ ዶሮ ወጥ ማቅረብም ገሃድን መርሳት ነው፤ ጥር 10 ይጾማል፣ ጥምቀት ግን ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይበላበታል።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ውኃው ሳይባረክ የሚዘለው ነው። ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ የቆሙት ካህናት ገና ከአራቱ ወንጌላት እያነበቡ ሳለ፣ ልብሱን አውልቆ በግንቡ ጠርዝ ላይ የተሰለፈው ወጣት አንዱ ሲዘል ሁሉም ይከተለዋል፤ ከዚያ በኋላ የንባቡ ድምፅ አይሰማም፣ መስቀሉ ወደ ውኃው ሲወርድም የሚያይ የለም። አንዱን ክንዱን ይዤ «ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ ገና ሦስተኛው ወንጌል ነው» ብለው፣ «ጋሼ፣ ውኃው እኮ ያልቃል!» አለኝ። ከቀሃ ወንዝ እየተሳበ ስንት ቀን ሲሞላ የከረመ ገንዳ ነው! ስሕተቱ የሚመነጨው ዕለቱን እንደ ዳግም ጥምቀት ከመቁጠር ይመስለኛል፤ በጸሎተ ሃይማኖት «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት» እያልን የምንጸልይ ሕዝብ ግን ሁለተኛ አንጠመቅም፤ የጌታን በዮርዳኖስ መጠመቅ እናስባለን፣ ከጸበሉም በረከት እንቀበላለን። ይህም ከዋኘው ጋር ሲነጻጸር በነጠላዋ ጫፍ ላይ ጠብታ ያረፈባት አሮጊት የጎደለባት ነገር እንደሌለ ያሳያል።

በዛፍና በርብራብ ላይ መውጣትን በተመለከተ አልከራከርም። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚሁ ስፍራ ለተመልካቾች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው «ለአንድ ፎቶ ብቻ» ቢለኝ አላስወጣውም።

ምንጣፉ የሚነጠፈው ለታቦቱ ነው። ልጆቹ የኋላውን ጠቅልለው ወደ ፊት ሲሮጡ በመካከሉ ቆሞ ሰልፊ የሚነሣ ሰው ሰልፉን በሙሉ ያስቆማል።

ሎሚም ጊዜና ቦታ አለው፤ ይህን የምለው አጥፍቼ ስለማውቅ ነው። በወጣትነቴ ለአንዲት ልጅ የወረወርሁት ሎሚ፣ ታቦት አጅበው እልል ሲሉ የነበሩ አንዲት እናትን ግንባራቸው ላይ አገኛቸው። እማማ እልልታቸውን አቋርጠው ሎሚውን አነሡና፣ «አንተ ልጅ፣ ዓይን የለህም? ልጅቷ እኮ እዚያ ናት» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ታቦቱ እስኪያልፍ መታገሥ፣ ጨዋታው ሲደራ ደግሞ መወርወር ይቻላል።

በመጨረሻም ጥር 11 ቀን ታቦታቱ ሲመለሱ አይቶ በዓሉ አበቃ ብሎ ሻንጣውን የሚያስር እንግዳ ብዙ ነው። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት እዚያው አድሮ ወደ መንበሩ የሚመለሰው በማግስቱ፣ በቃና ዘገሊላ ስለሆነ፣ የመመለሻ ትኬት ከጥር 13 በፊት ባይቆረጥ ይሻላል።