የጃፓን የውጊያ ህትመት ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ

እ.ኤ.አ. በ1894 እና 1895 በቻይናና በጃፓን ጦርነት ጊዜ የወጡትን ባለሦስት ወረቀት የውጊያ ሥዕሎች የምትሰበስቡ፣ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ሲላችሁ የጀርባውን ፎቶ ጠይቁ። በእጃችሁ ከገባ ደግሞ ገልብጡትና የእጅ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። እንደ ኦሪጅናሎቹ በተቀረጸ እንጨት የታተመ ከሆነ ቀለሙ ወደ ጀርባ ዘልቆ ይታያል፤ ባረን የሚባለው ክብ መፈተጊያ የተወው ጭረትም ብቅ ይላል። አታሚው ኮዞ ከሚባለው ተክል ልጥ የተሠራውን እርጥብ ወረቀት ቀለም በተቀባው እንጨት ላይ ደፍቶ ጀርባውን በእጁ ስለሚፈትግ ነው። በማሽን የተባዛው ግን ጀርባው ንጹሕ ነው፤ ፊቱ ላይ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ሲታይ ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ በእኩል የተሰደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ነው።

ጀርባው ላይ ሌላ ወረቀት ከተለጠፈበት (ብዙ ጊዜ ያጋጥማል) የባትሪው ዘዴ አይሠራም፤ አጉሊ መነጽሩ ብቻ ይቀራችኋል። በአዲስ እንጨት ተቀርጾ በእጅ የታተመ የኋላ ዘመን ቅጂም ይህን ፈተና ያልፋል፤ እሱን የሚያጋልጠው መስመር በመስመር ከሙዚየም ፎቶ ጋር ማስተያየት ነው።

በእርጥብ ጣት ደግሞ አትሞክሩት! የዚያ ዘመን ቀይና ወይን ጠጅ ቀለም በውሃ ይለቃል።