እያነባ የሚደርቅ ዓይን፦ ምክንያቱን ለማግኘትና ለመታከም

ሥራዬ ጽሑፍ ማረም ነው። በቀን ሰባት፣ ስምንት ሰዓት ፊደል ላይ አፍጥጬ እውላለሁ። ዓይኔ መጎርበጥ የጀመረው በ41 ዓመቴ ነበር፤ የሕመሙን ትክክለኛ ምክንያት ያወቅሁት ግን በ44 ዓመቴ ነው። በመካከሉ ሁለት ጊዜ መነጽር ቀይሬያለሁ፣ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ የፀረ ባክቴሪያ ጠብታ ታዞልኛል፣ ራሴም ከመድኃኒት ቤት የቅላት ማጥፊያ ጠብታ እየገዛሁ ወራት አሳልፌያለሁ። ከሁሉም በላይ ያሳሳተኝ እንባዬ ነው። ነፋስ ሲነካኝ ወይም ኮምፒውተር ፊት ጥቂት ስቆይ እንባዬ በጉንጬ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ «ዓይንሽ ደርቋል» ያለኝን ሐኪም አላመንኩትም። የሚያነባ ዓይን እንዴት ደረቀ ይባላል?

ይባላል። እንባ ተራ ውሃ አይደለም። ከታች ዓይን ላይ የሚያጣብቀው ንፍጥ መሰል ስስ ንጣፍ አለ፤ መካከሉ ውሃ ነው፤ ከላይ ደግሞ ውሃው እንዳይተን የሚሸፍነው ቅባት አለ። ቅባቱን የሚያመነጩት በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ጠጋ ብለው የተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው። በላይኛው ቆብ ከ25 እስከ 40፣ በታችኛው ከ20 እስከ 30 ያህል ይገኛሉ። በ1666 በገለጻቸው በጀርመናዊው ሐኪም በሄንሪክ ማይቦም ስም የማይቦም ዕጢዎች ይባላሉ። እነዚህ ሲደፈኑ ውሃው ቢኖርም ሳይቆይ ይተናል። የተራቆተው የዓይን ገጽ ሲቆጠቁጥ ነርቮቹ የእንባ ዕጢውን ይቀሰቅሱታል፤ እሱም ውሃውን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ይህ እንባ ግን እንደ ጎርፍ ነው፤ ማሳውን ጠርጎ ያልፋል እንጂ አያርሰውም።

እንግዲህ «የዓይን ድርቀት» የሚለው ስም ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን ይሸፍናል፤ የውሃ ማነስንና የቅባት ማነስን። የሚበዛው ሁለተኛው ነው፤ ሁለቱም አንድ ላይ የሚገኙባቸው ሰዎችም ብዙ ናቸው። ጠብታ እያቀያየሩ ዓመት ከመፍጀትዎ በፊት የእርስዎ የትኛው እንደሆነ በምርመራ ይታወቅ። የእኔ ሦስት ዓመት የባከነው ሐኪም ዘንድ ሳልሄድ ቀርቼ አይደለም። «ደርቋል» ካለኝ ሰው ዘንድ እንኳ «ለምን ደረቀ?» ብዬ ሳልጠይቅ ጠብታዬን ይዤ ስለወጣሁ ነው።

ደብተሩ

ሐኪም ፊት የምንቀመጥበት ጊዜ አጭር ነው። እኔ አራት ሐኪሞች ዘንድ ቀርቤ ለአራቱም የነገርኳቸው «ዓይኔን ያቃጥለኛል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ለአምስተኛዋ ግን ደብተር ይዤ ቀረብኩ። ለሁለት ሳምንት፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሰዓቱን፣ የሕመሙን ክብደት ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር፣ ምን እየሠራሁ እንደነበርና ምን መድኃኒት እንደወሰድኩ ጽፌበታለሁ። አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ማክሰኞ። ጠዋት 12፡30፣ የዓይኔ ቆቦች ተጣብቀው ነቃሁ፣ 6። ቀትር፣ 4። ማታ 1፡00፣ የፊደላቱ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ዓይኔን ሳርገበግብ ይጠራል፣ 7።»

ሐኪሟ ጣቷን ያሳረፈችው በመጨረሻው መስመር ላይ ነበር። የሚደበዝዝና ሲያርገበግቡ የሚጠራ እይታ ብዙውን ጊዜ የእንባው ንጣፍ ችግር እንጂ የመነጽር አይደለም። ሁለቱን መነጽሮች በከንቱ መቀየሬን ያወቅሁት ያኔ ነው። ጠዋት የሚብስ ሕመም ወደ ቆቡ ጠርዝና ወደ ዕጢዎቹ ሊጠቁም ይችላል፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር የሚብሰው ደግሞ ወደ ውሃው ማነስና ወደ ትነቱ። የእኔ በሁለቱም ጫፍ ስለነበር ሁለቱንም መፈለግ አስፈለጋት።

ደብተሩ እኔ ራሴ ያላሰብኩትንም አወጣ። ለአፍንጫ አለርጂ ክኒን በዋጥኩባቸው ቀናት የማታው ቁጥር ይጨምር ነበር። ብዙ የአለርጂ ክኒኖች እንባን ይቀንሳሉ። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች፣ ሽንት የሚያበዙ የደም ግፊት መድኃኒቶችና ለከባድ ብጉር የሚታዘዘው አይሶትሬቲኖይንም እንዲሁ ዓይን ሊያደርቁ ይችላሉ። ይህን አንብበው መድኃኒትዎን በራስዎ አያቁሙ፤ የሚወስዱትን ሁሉ ጻፉና ያዘዘልዎትን ሐኪም «የሚተካው አለ?» ብለው ይጠይቁ።

አብረው ሊነገሩ የሚገባቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። የታይሮይድ ሕመም፣ ስኳር፣ የሌዘር የዓይን ቀዶ ሕክምና፣ ኮንታክት ሌንስ፣ ለሴቶች ደግሞ ማረጥ። በተለይ አፍዎም የሚደርቅ ከሆነ፣ ያለ ውሃ ደረቅ ምግብ መዋጥ ካስቸገረዎት፣ መገጣጠሚያዎ የሚያምዎት ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ስዊድናዊው የዓይን ሐኪም ሄንሪክ ሾግረን በ1933 ያጠናውና በስሙ የሚጠራው ሕመም፣ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የእንባንና የምራቅን ዕጢዎች የሚያጠቃበት ነው። በሴቶች ላይ እጅግ ይበዛል። በደም ምርመራ ስለሚፈለግና ሌሎች የሰውነት ክፍሎችንም ስለሚነካ ጠብታ ብቻ ተሰጥቶት መታለፍ የለበትም። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ እንቅልፍ ሲወስድዎት ዓይንዎ በደንብ መገጠሙን የቤትዎ ሰው ይይልዎት። ቆቡ ሳይገጠም የሚያድር ሰው ራሱ ሊያውቀው አይችልም።

የቀጠሮው ዕለት

የሚጠቀሙባቸውን ጠብታዎች ስማቸውን በቃል ለማስታወስ ከመሞከር ይልቅ ጠርሙሶቹን በከረጢት ይዘው ይሂዱ። ዓይንዎን አይኳኳሉ፤ ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታትም ማርጠቢያ ጠብታ አይጨምሩ፤ ውጤቱን ያዛባል።

አገጬንና ግንባሬን ማጉያው መሣሪያ ላይ አሳረፍኩ። ሐኪሟ ፍሎረሲን የተባለ ብርቱካናማ ቀለም በቀጭን ወረቀት የታችኛውን ቆቤን ውስጠኛ ጎን አስነካችና ሰማያዊ መብራት አበራች። ሁለት ሦስቴ አርገብግቤ ሳልጨፍን እንድቆይ ነገረችኝ፤ እሷ ትቆጥራለች። በሰማያዊው ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራው እንባ ተበጣጥሶ ጥቁር ነጠብጣብ እስኪያወጣ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ነው የሚለካው። ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ እንባው ቶሎ ይበጠሳል ማለት ነው። የእኔ ቀኝ ዓይን 3፣ ግራው 4።

ቀጥላ ጫፉ የታጠፈ ስስ ወረቀት በታችኛው ቆቤ ላይ አንጠለጠለችና አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ይህ ኦቶ ሺርመር በ1903 ያስተዋወቀው ምርመራ ነው። ያለ ማደንዘዣ ሲደረግ ወረቀቱ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ብቻ ከራሰ የውሃው ማነስ ከባድ ነው። የእኔ 14 ራሰ፤ ውሃ አላነሰኝም። በመጨረሻ የታችኛውን ቆቤን ጠርዝ በጣቷ ቀስ አድርጋ ጫን አለችው። ከጤነኛ ዕጢ የሚወጣው ቅባት እንደ ዘይት የጠራ ነው። ከእኔ የወጣው ግን እንደ ጥርስ ሳሙና የወፈረ ነጭ ነገር ነበር፤ ከአንዳንዶቹ ዕጢዎች ጭራሹን አልወጣም። ሦስት ዓመት የፈለግሁት መልስ አምስት ሰከንድ በማይፈጅ የጣት ግፊት ወጣ።

እነዚህ ምርመራዎች በቀላል መሣሪያ የሚሠሩ ናቸውና ካልተደረገልዎት በአክብሮት ይጠይቁ፦ «የእኔ የውሃ ነው ወይስ የቅባት? የቆቤ ዕጢዎች ታይተዋል? ኮርኒያዬ ላይ ቁስል አለ?» ኮርኒያ ማለት የዓይን የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ቁጥሮቹንም ተቀብለው ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። ሕመሙ ብርቱ ሆኖ በምርመራ ግን ብዙ ነገር የማይታይባቸው ሰዎች አሉ። ይህ ማለት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። የዓይን ነርቮች ራሳቸው ሲታመሙ እንዲህ ይሆናልና፣ «ምንም የለዎትም» ከተባሉ የኮርኒያ ሕክምና ላይ ያተኮረ ሐኪም ዘንድ እንዲላኩ ይጠይቁ።

የየዕለቱ ሥራ

ለተደፈነ ዕጢ ዋናው የቤት ውስጥ ሕክምና ሙቀት ነው። አብዛኛው ሰው ግን ግማሹን ብቻ ይሠራል፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ፎጣ ሞቅ ባለ ውሃ ነክሬ ዓይኔ ላይ አድርጌ እስኪበርድ እተኛለሁ። እርጥብ ፎጣ ሙቀቱን የሚይዘው ሁለት ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነው፤ የረጋው ቅባት ለመቅለጥ ደግሞ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያላነሰ ሙቀት ለደቂቃዎች ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ፎጣ ያዘጋጁ፤ አንዱ ሲበርድ ሌላውን እየተኩ አሥር ደቂቃ ይሙሉ። ሙቀቱን አስቀድመው በእጅዎ አንጓ የውስጥ ገጽ ይፈትኑት፤ ቆዳዎን የሚያቃጥለው ፎጣ ዓይንዎ ላይ አይውጣ። ቅባቱ እንደለሰለሰ ዓይንዎን ጨፍነው የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ፣ ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ በጣትዎ ቀስ ብለው ይሹት። ብሌኑን አይጫኑ። ከዚያ የቆቡን ጠርዝ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። በየቀኑ ነው የሚሠራው፤ ለውጡን እኔ ያየሁት በአምስተኛው ሳምንት ነው።

ጠብታን በተመለከተ፣ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚጠቀሙ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ይምረጡ። ብዙ ጠርሙሶች ውስጥ እንዳይበላሹ የሚጨመረው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ሲደጋገም የዓይንን ገጽ ራሱን ይጎዳል። ስሙ በጠርሙሱ ላይ ተጽፏልና ያንብቡት። አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ዓይን ከዚያ በላይ አይዝም፣ ትርፉ ይፈስሳል። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለዎት በመካከላቸው አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ዓይን ውስጥ የሚቀባ መድኃኒት ካለዎት ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ሊተኙ ሲሉ ይቀቡት።

ኮምፒውተር ፊት ስንቀመጥ የምናርገበግብበት ቁጥር በእጅጉ ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜም ቆቦቹ ሳይነካኩ ይመለሳሉ። ቅባቱ የሚወጣውና የሚዳረሰው ደግሞ ቆቦቹ ሲገናኙ ነው። እኔ አንድ ገጽ አርሜ በጨረስኩ ቁጥር ዓይኔን ሙሉ በሙሉ ጨፍኜ ሁለት ሰከንድ እቆይና እገልጣለሁ፤ አሥር ጊዜ። የኮምፒውተሩን ስክሪን ከዓይኔ በታች ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ወደ ታች ስናይ የሚጋለጠው የዓይን ገጽ ያንሳል። የማራገቢያና የአየር ማቀዝቀዣ ነፋስ ፊትዎን በቀጥታ እንዳይመታ ያዙሩት። ስለ ዓሣ ዘይት እንክብል ብዙ ይነገራል፤ በ2018 የታተመና 535 ሰዎችን አንድ ዓመት የተከታተለ ጥናት ግን ከማነጻጸሪያው የወይራ ዘይት የተሻለ ጥቅም አላገኘበትም። ገንዘቤን ለጥሩ ጠብታ አውለዋለሁ።

የማይነኩና የማይቆዩ ነገሮች

የቅላት ማጥፊያ ጠብታ የደም ሥሮችን አጥብቦ ዓይኑን ለጥቂት ሰዓት ነጭ ያደርጋል። ሲደጋገም ግን ቅላቱ ብሶ ይመለሳል፤ በእኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ ያለ ሐኪም ክትትል አይጠቀሙ፤ ከሌላ ሰው ተርፎ ቢሰጥዎትም። እፎይታው ፈጣን ስለሆነ ያታልላል፤ የዓይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ፣ ወይም የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል።

ብርቱ ሕመም፣ ብርሃን መቋቋም አለመቻል፣ የእይታ ድንገተኛ መቀነስ፣ መግል፣ ወይም ኮርኒያው ላይ የሚታይ ነጭ ነጥብ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይታዩ። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ከሆነና ዓይንዎ ቀልቶ ካመመዎት ሌንሱን አውልቀው ወዲያው ይሂዱ።

ከጠብታና ከፎጣ በኋላ

ይህ ሁሉ ካልበቃ ሕክምናው አላለቀም። ለተቆጡ ዕጢዎች ዶክሲሳይክሊን የተባለው የሚዋጥ ፀረ ባክቴሪያ በትንሽ መጠን ለሳምንታት ይታዘዛል፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም። የሳይክሎስፖሪን ጠብታ የዓይንን ገጽ መቆጣት ያበርዳል። መጀመሪያ ላይ ያቃጥላል፤ ውጤቱ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ይህን ሳይነገራቸው በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለው የሚተዉት ብዙዎች ናቸው። ውሃ ለሚያንሳቸው ደግሞ እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድባትን ቀዳዳ በጥቃቅን ውታፍ መዝጋት ይቻላል። ከታካሚው ደም የሚዘጋጅ ጠብታም አለ። ማንኛውም ሕክምና ሲጀመርልዎት «በስንት ጊዜ ውስጥ ለውጥ ልጠብቅ?» ብለው ይጠይቁና ቀኑን ይጻፉት።

እኔ ከፎጣው በተጨማሪ ዶክሲሳይክሊን ለስምንት ሳምንት ወሰድኩ፤ የአለርጂ ክኒኑም ያዘዘልኝን ሐኪም አማክሬ በአፍንጫ መርጫ ተተካ። ከሰባት ወር በኋላ በዚያው ሰማያዊ መብራት ስር ሐኪሟ ስትቆጥር ቀኙ 8፣ ግራው 7 ደረሰ። ዛሬም ፎጣውን የዘለልኩበት ሳምንት በደብተሩ ላይ ይታወቃል። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከአሁኑ ጽፌዋለሁ፦ «ቅባት ያልወጣባቸው ዕጢዎች ተከፍተዋል ወይስ ጠፍተዋል?»